መሰንቆ የሚሰማው ገበሬ ሲታይ ብቻ ለምንድን ነው?

ባለመሰንቆው፣ ከደብረ ብርሃን

ጤና ይስጥልኝ። መሰንቆ መጫወት ከጀመርኩ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። የተወለድኩት መንዝ፣ መሐል ሜዳ አካባቢ ሲሆን አሁን የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ቅዳሜና እሑድ ሠርግ ላይ እጫወታለሁ፤ በአዘቦት ቀን ሥራ ሲገኝ ደግሞ ለድራማና ለማስታወቂያ ሙዚቃ ለመቅዳት አዲስ አበባ እመላለሳለሁ። ለረጅም ጊዜ በሐሳቤ ሲመላለስ የቆየውን አንድ ነገር ዛሬ ላካፍላችሁ ብዬ ነው። ቴሌቪዥን ለእኛ የሙዚቃ መሣሪያዎች የሰጣቸው ሥራ ምን እንደሆነ ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ?

ከገጠመኝ ልጀምር። ባለፈው ክረምት ለአንድ ተከታታይ ድራማ ማጀቢያ እንድቀዳ ተጠራሁ። ከደብረ ብርሃን ብርድ ወጥቶ ሞቃት ክፍል የገባ መሰንቆ ቆዳው ስለሚለዋወጥ ቅኝቱ አይረጋም፤ ስለዚህ ደጋግሜ እየቃኘሁ፣ የደጋኑን ጭራ ሙጫ እያስነካሁ ጥቂት ቆየሁ። ከዚያም ትዕይንቱን አሳዩኝ። ከገጠር የመጡ አንድ አዛውንት ጋቢያቸውን ደርበው፣ በአንድ እጃቸው ዱላ፣ በሌላው አነስተኛ ፌስታል ይዘው፣ የልጃቸውን ቤት ሲፈልጉ አንድ ረጅም ሕንፃ ሥር ቆመው ሽቅብ ይመለከታሉ። እኔ የታየኝ አባቴ ነው። አምባሰል ቃኝቼ ከታችኛው ድምፅ ተነሥቼ በዝግታ ተጫወትኩ። አዘጋጁ በጆሮ ማዳመጫው በኩል፣ «ይኼ ከበደ፤ ሰውየው ሲገቡ ተመልካች ፈገግ እንዲል ቶሎ ቶሎ የምትል ነገር አድርግልን» አለኝ። ዘጠኝ ሰከንድ የምትሆን ፈጣን ነገር ተጫወትኩለትና ክፍያዬን ተቀብዬ ወጣሁ።

ድራማው የተላለፈ ዕለት ቤተሰቡ ተሰብስቦ ተመለከተ። አዛውንቱ ብቅ ሲሉ የእኔ መሰንቆ ተሰማ፤ ሰባት ዓመት የሆናት ልጄም ሳቀች። ሰውዬው ምንም የሚያስቅ ነገር አላደረጉም፤ ገና ቃልም አልተናገሩም። ሳቂ ያላት የእኔ መሰንቆ ነው። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ከዚያ ወዲህ ቴሌቪዥን ሳይ የማየው በጆሮዬ ነው። ዋሽንት ከተሰማ ወይ ተራራ ይታያል፣ ወይ ሰው ሞቷል። በገና ከተሰማ ጾም ገብቷል። ክራር ከተሰማ የባህል ምግብ ቤት ገብተናል። መሰንቆ ከተሰማ ገበሬ ከተማ መጥቶ መንገድ ጠፍቶታል። ጎጆ ያልወጣ የከተማ ወጣት ሲያፈቅር ግን ፒያኖ አለለት፣ ነጋዴው ሲከዳ ቫዮሊን አለለት፣ ፖሊስ ሌባ ሲያሳድድ ከበሮና ኤሌክትሪክ ጊታር አለለት። የገጠር ሰው ሲያፈቅር፣ ሲከዳ ወይም ሲያስብ የሚሰማ ሙዚቃ እስካሁን አላጋጠመኝም፤ የገጠር ሰው መሆኑ ብቻ ነው በሙዚቃ የሚነገረን።

መሣሪያው አይችልም እንዳይባል ደግሞ የሚችለውን የሚያውቅ ያውቀዋል። አራቱ ቅኝቶች፣ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ፣ እያንዳንዳቸው በአምስት ድምፅ የተሠሩ ቢሆኑም በድምፆቹ መካከል ያለው ርቀት ስለሚለያይ የሚያሳድሩት ስሜት የተለያየ ነው። ትዝታ ብቻውን እንኳ ሜጀርና ማይነር አለው፤ ሁለት ድምፆች በግማሽ ዝቅ ሲሉ ያው ዜማ ከናፍቆት ወደ ቁርጥማት ይወርዳል። አምባሰል ከመነሻው ድምፅ ግማሽ እርምጃ ብቻ ከፍ ይልና ወዲያው ሰፊ ዝላይ ይዘላል፤ ያቺ ጠባብ እርምጃ አንድ ነገር ለመናገር አፉን ከፍቶ መልሶ የሚዘጋ ሰው ትመስለኛለች። መሰንቆ ደግሞ ክሩ አንድ ብቻ በመሆኑና ጣት ክሩን ከእንጨት ጋር ሳያጣብቅ ስለሚነካው በሁለት ድምፆች መካከል ያለውን ሁሉ እንደ ሰው ድምፅ እየተንሸራተተ ሊያልፍበት ይችላል። ይህን ሁሉ ትተን ዘጠኝ ሰከንድ ሳቅ ማስወጣታችን ያሳዝነኛል።

የውጭዎቹን ስመለከት ሁለት ነገር ይታየኛል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2005 የወጣው «ብሮክን ፍላወርስ» የተባለው የጂም ጃርሙሽ ፊልም የሙላቱ አስታጥቄን ሙዚቃ ይዟል። ሙዚቃው እዚያ የገባበት መንገድ ሁልጊዜ ይደንቀኛል፦ ዋናው ገጸ ባሕርይ ረጅም መንገድ ሊሄድ ሲነሣ ኢትዮጵያዊው ጎረቤቱ በመኪና ውስጥ እንዲያዳምጠው ሲዲ ይሰጠዋል። ሙዚቃው በጎረቤት እጅ የተሰጠ ስንቅ ነው። ተመልካቹ አገሩን አያይም፣ ተራራውንም አያይም፤ የሚያየው አሜሪካዊ መንገድና ያረጀ ብቸኝነት ነው፤ የሙላቱ ዜማም ያንን ብቸኝነት ተሸክሞት ይሄዳል። በ2021 የወጣው «ፓሲንግ» የተባለው ፊልምም ታሪኩ በ1920ዎቹ የኒው ዮርክ ሃርለም ሆኖ ሳለ የሚሰማው የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ፒያኖ ነው። እኒያ ሰዎች ኢትዮጵያን ለማሳየት አልፈለጉም፤ ሙዚቃውን አዳምጠው ለአንዲት ሴት ጭንቀት የሚሆን ሆኖ አገኙት። እኛ የራሳችንን ለራሳችን ሰው ጭንቀት ለመስጠት የተሳነን ለምንድን ነው?

አንድ ነገር ልጨምር። እናቴ መንዝ ናቸው፤ ማታ ማታ ሱፍ እየፈተሉ በአማርኛ የተተረጎሙ የቱርክ ድራማዎችን ይከታተላሉ። ዓይናቸው እንዝርቱ ላይ ነው። ባለፈው ልጠይቃቸው ሄጄ አጠገባቸው ተቀምጬ ሳለ፣ ቀና እንኳ ሳይሉ፣ «ያ ክፉ ሰው መጣ» አሉ። ቀና ብዬ ብመለከት በእርግጥም ገብቷል። ከበሮው ነግሯቸው ነው። እናቴ ቱርክ ሄደው አያውቁም፣ የቱርክን ከበሮ ግን ለመዱት። የዚያች ድራማ መክፈቻ ዜማ ደግሞ እየፈተሉ ሳለ ከአፋቸው ሲወጣ ሰምቼዋለሁ። ጆሮ የሚሰማውን ይማራል።

እናንተስ ምን ታስባላችሁ? በተለይ በምስል ሥራ ላይ ያላችሁ ብትናገሩ ደስ ይለኛል።

የምስል አርታኢ፣ ከደብረ ብርሃን

ወንድሜ፣ የጻፍከውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ከእኔም ወገን ያለውን ልናገር። የአንድ ክፍል ድራማ ምስል ተቆርጦ፣ ቀለሙ ተስተካክሎ፣ ድምፁ ጸድቶ፣ ሙዚቃ ገብቶለት እንድናስረክብ የሚሰጠን ሦስት ቀን፣ ቢበዛ አራት ቀን ነው። ሙዚቃ የሚገባው መጨረሻ ላይ፣ ብዙ ጊዜ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት በኋላ ነው። በዚያ ሰዓት ማንም አቀናባሪ አይጠራም፤ ኮምፒውተሬ ውስጥ ያለውን ማኅደር እከፍታለሁ።

ስለ እርሱ ማኅደር ግን ያንተን ጽሑፍ ካነበብኩ በኋላ ያስተዋልኩትን ልንገርህ። ሙዚቃዎቹን የደረደርኳቸው በስሜት ነው፤ «ሐዘን»፣ «ሥጋት»፣ «ፍቅር»፣ «ሳቅ»፣ «ድል» የሚሉ ክፍሎች አሉ። በውስጣቸው ያሉት በሙሉ በኪቦርድ የተሠሩ ወይም ከውጭ የመጡ ናቸው። ከእነዚህ ቀጥሎ «ባህላዊ» የሚል ክፍል አለ፤ መሰንቆው፣ ዋሽንቱ፣ ክራሩና እምቢልታው ሁሉ ተሰብስቦ ያለው እዚያ ውስጥ ነው። ባህላዊ መሆን ራሱ እንደ ሐዘንና እንደ ፍቅር አንድ ስሜት ሆኖ ተቀምጧል። ሐዘን ስፈልግ «ሐዘን»ን እከፍታለሁ፤ «ባህላዊ»ን የምከፍተው ጋቢ የለበሰ ሰው ሳይ ነው። ይህን ያደረግሁት እኔው ነኝ፣ ማንም አላዘዘኝም። ለስምንት ዓመት ሳላየው ቆይቻለሁ።

ስለ ቱርኮቹ ድራማ ያነሣኸው ደግሞ ምክንያት አለው። ለትርጉም የሚላክ ድራማ ንግግሩ በአንድ ወገን፣ ሙዚቃውና ሌላው ድምፅ በሌላ ወገን ተለይቶ ነው የሚመጣው። የእኛ ተዋንያን የሚተኩት ንግግሩን ብቻ ነው። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ይህ አሠራር በየቤቱ ገብቷል፤ ቃሉ አማርኛ ሲሆን ዜማው በነበረበት ቀረ። ለእነርሱ ድራማ ሙዚቃው በቅድሚያ ታስቦበት፣ ለየገጸ ባሕርዩ ዜማ ተሠርቶለት ስለሆነ እናትህ በከበሮው መለየታቸው አያስገርምም። የእኛ ግን መጨረሻ ላይ የሚለጠፍ ነው።

መምህርት፣ ከደብረ ሲና

የሁለታችሁም ጽሑፍ ልብ የሚነካ ነው። እኔ ሙዚቃ አስተምራለሁ፤ ከባለመሰንቆው ጋር በአብዛኛው እስማማለሁ፣ በአንድ ነገር ግን ልለይ።

መሰንቆ ማሳቁ በራሱ ጥፋት አይደለም። አዝማሪ ከጥንት ጀምሮ ያስቃል፤ ማሳቅ የሙያው አንድ እጅ ነው። ልዩነቱ የሚያስቀው በማን ላይ ነው የሚለው ይመስለኛል። በሠርግ ቤት አዝማሪው ሙሽራውን፣ ባለጸጋውን፣ ራሱን ዳኛውን ሳይቀር በሰምና ወርቅ ይነካል፤ የተነካውም ሰው «ተቀበል!» ብሎ የራሱን ግጥም ይመልስለታል። አዛውንቱ በቴሌቪዥኑ ውስጥ «ተቀበል» የሚሉበት ዕድል የላቸውም። ልጅዎን ያሳቃት መሰንቆ መልስ የሚቀበል መሰንቆ ስላልሆነ ነው ያሳዘነዎት ብዬ አስባለሁ።

በክፍሌ የሞከርኩትን ልንገራችሁ። ጣርማ በር ላይ በስልኬ የቀረጽኩት፣ አንዲት ሴት ከጭጋጉ ውስጥ ውኃ ተሸክማ ስትወጣ የሚያሳይ የአንድ ደቂቃ ምስል አለኝ። ድምፁን አጥፍቼ ለተማሪዎቼ አሳየኋቸውና ያዩትን እንዲጽፉ ጠየቅኋቸው። ቀጥሎ ያንኑ ምስል በክራር ባቲ፣ ከዚያ በአንቺሆዬ እየተጫወትኩላቸው ደግመው አዩት። ባቲ ስጫወት አብዛኞቹ «ወደ ቤቷ እየተመለሰች ነው» ብለው ጻፉ፤ አንቺሆዬ ስጫወት ደግሞ «የሆነ ነገር ሊደርስባት ነው» አሉ። ሴትዮዋ ያችው፣ እንስራውም ያው። አንድ ዘጠነኛ ክፍል ተማሪ እጁን አውጥቶ፣ «እንግዲያው ዜናውንም እንዲህ ሊያደርጉብን ይችላሉ ማለት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ይህን ጥያቄ ከጠየቀ ልጅ ጋር መሥራት ደስ ይላል።

የምስል አርታኢው ስለ «ባህላዊ» ክፍል ያነሡት ትክክል ነው፤ አሠራሩ ግን በቴሌቪዥን የተጀመረ አይመስለኝም። ቴሌቪዥን በአገራችን በ1957 ዓ.ም. ሲጀመር በመድረክ የነበሩት ታላላቆቹ የክቡር ዘበኛ፣ የፖሊስና የምድር ጦር ኦርኬስትራዎች የትንፋሽ መሣሪያ የያዙ ነበሩ፤ ባህላዊው ክፍል ብዙውን ጊዜ ለብቻው የሚቀርብ ነበር። ነገር ግን በዚያው ዘመን፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1963፣ ግብፃዊው የሙዚቃ ደራሲ ሐሊም ኤል ዳብህ ያቋቋመው ኦርኬስትራ ኢትዮጵያም ነበረ። እርሱ መሰንቆን፣ ክራርን፣ ዋሽንትን፣ በገናንና እምቢልታን በአንድ ላይ ሰብስቦ ሙሉ ኦርኬስትራ አደረጋቸው። መሣሪያዎቹ አንድ ላይ ሲሆኑ የትኛውም «የገጠር ምልክት» መሆኑ ይቀራል፤ አንዱ ለሌላው ይመልሳል። ለማጀቢያ ሙዚቃ የምንማርበት ቤት ይህ ይመስለኛል።

በገና ደርዳሪ፣ ከሰላ ድንጋይ

ሰላም ለሁላችሁ። አጭር ነገር ነው የምለው። በገና ግን ከዚህ ክርክር ይውጣ። በደርግ ዘመን በገና ከብዙኃን መገናኛ ርቆ መቆየቱን ታላላቆቻችን ነግረውናል፤ እንደ መምህር ዓለሙ አጋ ያሉ አባቶች ይዘውት ባይቆዩ ኖሮ እኔም ባልደረደርኩ ነበር። አሁን በዓቢይ ጾም ሲሰማ ደስ ይለኛል። «በጾም ብቻ ለምን?» ማለት ለመሰንቆ ይሠራል፤ በገና የጸሎት መሣሪያ ነው፤ አሥሩ ጅማቶች ሲነኩ የሚሰማው የእንዚራው፣ ከጅማቱ ሥር የሚገባው የቁራጭ ቆዳ፣ ንዝረት ሰውን ወደ ውስጡ የሚመልስ ነው። ሌባና ፖሊስ በሚታይበት ቦታ እንዲገባ አልፈልግም።

የቢት ሠሪ፣ ከሸዋ ሮቢት

ለታላላቆቼ አክብሮት አለኝ። እኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ሙዚቃ የምሠራው በላፕቶፕ ነው። ለእኔ ዕድሜ ሰው ቴሌቪዥን ማለት አሁን ስልክ ነው፤ አንድ ዜማ በአንድ ሳምንት ውስጥ በሺህ አጫጭር ቪዲዮዎች ሥር ሲገባ አያለሁ። እዚያ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር እየሆነ ነው። የምንጃርን ጭፈራ፣ ያንን ዝላዩን፣ የከተማ ልጅ ጂንስ ሱሪ ለብሶ ሲጨፍረው፣ ማንም ለመሳቅ ብሎ አይደለም፤ ስለሚያምር ነው። ስድስት የሚቆጠረው ምታችን፣ ጭክጭካው፣ ለጭፈራ ብቻ ነው ተብሎ ተወስኖ የነበረውን እኔ በፊልም ውስጥ ለማሳደድ ትዕይንት ሞክሬው በጣም ሠርቶልኛል። የሙዚቃ ደራሲው ላሎ ሺፍሪን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1966 ለጀመረው «ሚሽን ኢምፖሲብል» የቴሌቪዥን ድራማ በአምስት የሚቆጠር ምት ሲሠራ፣ ተመልካቹ እግሩን የሚያሳርፍበት ቦታ ስላጣ ነው ልቡ የተንጠለጠለው። የእኛም ምት ሁለት ጊዜ ሦስት ነው ወይስ ሦስት ጊዜ ሁለት እያለ ጆሮን ስለሚያወላውል ለሥጋት የተሠራ ነው እላለሁ።

የሙላቱን ነገር ስታነሡ እኔም ልጨምር። «የግሌ ትዝታ» የተባለው ሥራው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2010 አሜሪካዊው ራፐር ናስና የሬጌ ዘፋኙ ዴሚየን ማርሌ አብረው ባወጡት «አዝ ዊ ኢንተር» የተባለ ዘፈን ውስጥ ተቆርጦ በናሙና ገብቷል። እኔ የሙላቱን ሙዚቃ መጀመሪያ የሰማሁት ከዚያ ነው እንጂ ከአገራችን ጣቢያ አይደለም። ይህን ስናገር ደስ እያለኝ አይደለም።

አንድ ጥያቄ አለኝ። ጋሼ ባለመሰንቆ፣ ያቺ ዘጠኝ ሰከንድ አሁን የማን ናት? በየክፍሉ አዛውንቱ በታዩ ቁጥር የምትደገም ከሆነ በየጊዜው ይከፈልዎታል?

ባለመሰንቆው

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ።

ለታናሽ ወንድሜ ልመልስ። አይከፈለኝም። በቃል ነበር የተስማማነው፤ የተቀበልኩት የአንድ ቀን ክፍያ ነው፣ ያቺ ዘጠኝ ሰከንድ ግን እስካሁን በየክፍሉ ትደገማለች። የቅጂ መብት አዋጅ በ1996 ዓ.ም. ወጥቶ በ2007 ዓ.ም. መሻሻሉን አውቃለሁ፤ ለተጫዋቹም መብት ይሰጣል። ነገር ግን ውል ያልጻፈ ሰው በእጁ የሚያሳየው ነገር የለውም። በጽሑፍ አድርግ። በ2011 ዓ.ም. የአልኮል መጠጥ ማስታወቂያ በብሮድካስት ከመከልከሉ በፊት የቢራ ማስታወቂያ ለብዙዎቻችን እንጀራ ነበር፤ በየማስታወቂያው እስክስታና መሰንቆ ነበረ። ያ ሲቆም የቀረልን ድራማ ስለሆነ የተሰጠንን ሁሉ እሺ እያልን ቆየን። ለአዘጋጁም እሺ ያልኩት ለዚህ ነው።

መምህርት፣ «ተቀበል» ያሉት ነገር ከልቤ ገብቷል። ለሁለት ቀን ሳስበው ሰነበትኩ። አዝማሪ ከመጫወቱ በፊት የሚያየው ፊት ነው፤ ፊቱን አይቶ ነው ግጥሙንም ቅኝቱንም የሚመርጠው። ስቱዲዮ ውስጥ እኔ ያየሁት የአዛውንቱን ፊት ነበር፣ አዘጋጁ ደግሞ ጋቢያቸውን አየ። ለሳቁ ነገር ግን ትክክል ነዎት፤ ሳቅን ከመሰንቆ መንጠቅ አልፈልግም።

ወንድሜ በገና ደርዳሪ፣ ያልከውን አከብራለሁ፤ በገናን ወደ ድራማ ይግባ ብዬም አልከራከርህም። ብቻ አንድ ነገር እጠይቅሃለሁ፦ በአንድ ድራማ ውስጥ አንዲት እናት በሌሊት ተነሥታ ብትጸልይ፣ ያኔስ?

የምስል አርታኢ ሆይ፣ አንተን በተመለከተ ግን ሐሳብ አለኝ። ጊዜ የለም ያልከው እውነት ነው፤ በሌሊቱ ስምንት ሰዓት እኔን ልትጠራኝ አትችልም። እንግዲያው ቀደም ብዬ ብሰጥህስ? «ባህላዊ» የሚለውን ክፍል እናፍርሰው። በመሰንቆ አጫጭር ነገሮችን ልቅዳልህ፤ ስማቸውን በመሣሪያው ሳይሆን በሚሆነው ነገር እንሰይማቸው።

የምስል አርታኢ

በደስታ። ከሃያ እስከ ስልሳ ሰከንድ ይሁኑ፣ መጨረሻቸው ቀስ እያለ እንዲጠፋ ሆኖ፤ ያለ ከበሮ አንድ፣ ከከበሮ ጋር አንድ እያደረግህ ብትቀዳ ለመቁረጥ ይመቸኛል። ውሉን እኔ በጽሑፍ አዘጋጅቼ እልክልሃለሁ፤ አንድ ሥራ ላይ በዋለ ቁጥር የሚከፈል ሆኖ። መምህርት ፈቃድዎ ከሆነ የባቲውን ክራር እንጨምር።

መምህርት

ፈቃዴ ነው። የአንቺሆዬውንም እልካለሁ። ተማሪዎቼ ስም ያውጡላቸው።

በገና ደርዳሪ

ስለ ጸሎቷ እናት ያነሣኸውን አስቤበታለሁ። ለእርሷ ከሆነ እደረድራለሁ። ነገር ግን ትዕይንቱን አስቀድሜ ማየት አለብኝ፤ በበገናው ላይም ንግግር እንዳይገባ።

ባለመሰንቆው

እስካሁን ሰባት ቀድቻለሁ። «ገበሬ ዝናቡን ሲጠብቅ»፣ «ሁለት ወንድማማቾች በመሬት ሲጣሉ»፣ «እናት ከልጇ ስልክ ሲደወልላት»፣ «ወጣት በልቡ ያለውን ሳይናገር ሲቀር»፣ «ሽማግሌ በጎረቤቱ ሲቀልድ»፣ «ከሠርግ መልስ»። የመጀመሪያው ግን «አባት የልጁን ቤት ሲፈልግ» ነው፤ አምባሰል፣ 41 ሰከንድ። ያኔ ስቱዲዮ ውስጥ የጀመርኩትን እስከ መጨረሻው ተጫወትኩት። ትናንት ማታ ስቀዳ ልጄ በሩ ላይ ቆማ ስታዳምጥ ቆይታ፣ «አገኘው?» ብላ ጠየቀችኝ።

በሰፈራችን የባጃጅ ድምፅ ስለሚገባብኝ የምቀዳው ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት በኋላ ነው፤ ብርዱ ደግሞ ቆዳውን ያስቸግረኛል። በደብረ ብርሃን ጸጥ ያለና ትንሽ የሚሞቅ ክፍል ያለው ሰው ካለ ቢጽፍልኝ ደስ ይለኛል።